ወባ ዳገት የወጣችበት ዓመት

«ወባ የቆላ በሽታ ናት» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ደገኛው ቆላ ወርዶ ያርሳል እንጂ አያድርም፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ዳገቱን ይወጣል። ተህዋሱን በማይክሮስኮፕ አላየው እንጂ ነገሩስ ገብቶታል፤ የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ሌሊት ነውና። እ.ኤ.አ. በ1958 ግን (በእኛ ከ1950 ወደ 51 መሻገሪያ) ወባ ራሷ ዳገቱን ወጣች። ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ከ1,600 ሜትር በላይ ባለው የአገራችን ደጋ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ይህን ቁጥር ትምህርት ቤት ማንም አልነገረንም!

ምን ተፈጠረ? ተህዋሱ ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት ትንኟ ሆድ ውስጥ ማደግ አለበት። ገዳዩ ፋልሲፓረም ደግሞ ብርድ አይወድም፤ ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ እሱ ሳይደርስ ትንኟ ትሞታለች። ደገኛውን የጠበቀው ብርዱ ነበር ማለት ነው። በዚያ ዓመት ግን ዝናቡም ሙቀቱም እርጥበቱም ከልክ አለፈ።

ሁለተኛው ነገር ደም ውስጥ ነው። ተህዋሱ መጀመሪያ ጉበት ገብቶ በሺዎች ይባዛል (ይህን ሾርትና ጋርንሃም የተባሉት እንግሊዞች የደረሱበት በ1948 ነው፤ ከእልቂቱ 10 ዓመት ቀድሞ)። ከዚያ ወደ ቀይ የደም ሕዋሳት ይዘልቃል፣ በየሁለት ቀኑ ገደማ እያፈነዳቸው ይወጣል፤ ያ የሚያንቀጠቅጠው ትኩሳት ይኸው ነው። ፋልሲፓረም የያዘው ሕዋስ ደግሞ በቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። አንጎል ውስጥ ሲሆን ሰውዬው ራሱን ይስታል።

ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነከስ የኖረ ቆለኛ፣ ከሕፃንነት ካመለጠ፣ ተህዋሱን በደሙ ይዞ እንኳ ሥራ ሊውል ይችላል፤ ሰውነቱ ለምዶታል። ደገኛው አባወራ ግን ለወባ እንደ አራስ ልጅ እንግዳ ነበር። ጤነኛ አገር መወለዱ ነው የጎዳው። ስለዚህ ያን ዓመት የተቀበረው ሕፃን ብቻ አልነበረም።

በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ የሚረጩትም ሰዎች በየቤቱ መግባት ጀመሩ። ከ65 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ታማሚ በአገራችን ተመዘገበ፤ የሞቱት ከ1,100 በላይ ናቸው። ታማሚው ከ1958ቱ በእጥፍ በልጦ ሟቹ ግን ያን ያህል ያነሰው ተህዋሱ ስለራራ አይደለም። የጤና ኬላና መድኃኒት ስላለ ነው፤ ያም በደረሰበት ቦታ።