የእግር ኳስ አሠልጣኝ አመራረጥ፤ ከ1954ቱ ዋንጫ እስከ ሐዋሳ ከነማ

አንድ የኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን አሠልጣኙ ሲለቅበት በግቢው ውስጥ የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን «ስሙ የታወቀ ሰው ከአዲስ አበባ ይምጣልን» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ልጆቹን የሚያውቅ የዚሁ አገር ሰው ይሾም» ይላል። ጥቂቶች ደግሞ «ኳሱን የሚመቱት ልጆቹ እንጂ አሠልጣኙ አይደለም» ብለው ነገሩን ያቃልሉታል። ይህ ክርክር በብሔራዊ ቡድናችንም ሆነ በከተማችን በሐዋሳ ክለብ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተደጋገመ ስለ ሆነ፥ ከስሜት ይልቅ ከታሪኩ ብንጀምር ይሻላል በማለት ይህን አጭር ጥናት አቅርቤአለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ታሪኩን ስመለከት የተረዳሁት ነገር ይህ ነው፤ ሁላችንም «ማን ይመረጥ» እያልን እንጠይቃለን፤ ቡድኖች የተቃኑትም የወደቁትም ግን መራጩ ስለሚመርጠው ሰው ምን ያህል ያውቅ ነበር፥ ከመረጠውስ በኋላ ስንት ጊዜ ሰጠው በሚሉት በሁለቱ ነገሮች ነው።

ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ነው። ተጋጣሚዋ በዚያን ጊዜ የተባበረው ዐረብ ሪፑብሊክ ይባል የነበረው የግብፅ ቡድን ነበር። ግብፆች ሁለት ጊዜ ቀድመው አገቡ፤ የእኛዎቹም ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረጉ። ሁለተኛውን የአቻ ግብ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሲያገቡ መደበኛው ሰዓት ሊፈጸም የቀረው ስድስት ደቂቃ ያህል ነበር። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ ጨምረው ጨዋታው 4 ለ 2 በሆነ ውጤት ተፈጸመ።

አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው ከሃያ ዓመት በላይ በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ የተጫወቱ፥ ለብሔራዊው ቡድን የተሰለፉ፥ በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩ፥ ኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በፕሬዚዳንትነት የመሩት ሰው ናቸው። እንግዲህ በዚያ ዘመን መራጩ ማን ነው፥ ተመራጩስ ማን ነው ብሎ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። የእግር ኳሱን ጉዳይ በጽሕፈት ቤት የሚመራውና በሜዳው ዳር የሚቆመው ያው አንድ ሰው ነበርና። እንዲህ ያለው አሠራር ዛሬ ቢደረግ ሁላችንም እንቃወመዋለን፤ የምንቃወመውም በቂ ምክንያት ኖሮን ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥቅም ነበረው። አሠልጣኙ ተጫዋቾቹን ለማወቅ ከማንም ሪፖርት መጠበቅ አላስፈለጋቸውም።

በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ እንደገና በአገራችን ሲደረግ ቡድኑ በሃንጋሪው ተወላጅ በሚስተር ፈረንስ ሱች እጅ ነበር፤ ኢትዮጵያም አራተኛ ወጣች። ከዚያ በኋላ በ1960ዎቹ አጋማሽ ጀርመናዊው ሚስተር ፒተር ሽኒትገር መጡ። በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ለተደረገው ውድድር ደግሞ ቡድኑን ይዘው የሄዱት እኒያው የ1954ቱ ግብ አግቢ አቶ መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ 31 ዓመት ሙሉ ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ኖረች።

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» እንደሚባለው፥ በእጃችን ያለውን ሰው ንቀን ከሩቅ የመጣውን የማክበር ጠባይ እንዳለብን አይካድም። ነገር ግን ይህን ምሳሌ ይዞ «የውጭ አገር ሰው አይረባም» ወደሚል ፍርድ መሮጥ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ይህንም ከሁሉ ይልቅ ግልጽ አድርጎ የሚያሳየው የራሳችን የሐዋሳ ታሪክ ነው።

ብሔራዊው ቡድን ዋንጫውን ባነሣበት በ1954 ዓ.ም. ሐዋሳ በሐይቁ ዳር ከተቆረቆረች ገና ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነበራት። ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን በሚገዙበት ዘመን የተመሠረተችው ይህች ከተማ፥ በአርባ ዓመት ውስጥ ለአዲስ አበባ ክለቦች ተፎካካሪ ትሆናለች ብሎ የሚገምት ሰው አልነበረም ለማለት ይቻላል። በ1990 ዓ.ም. አሁን ፕሪሚየር ሊግ የምንለው ብሔራዊ የሊግ ውድድር ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዋንጫዎች መብራት ኃይል ሁለት ጊዜ፥ ቅዱስ ጊዮርጊስ አራት ጊዜ ተካፈሏቸው። ሁለቱም የአዲስ አበባ ክለቦች ናቸው። ይህን አጥር በ1996 ዓ.ም. የሰበረው ሐዋሳ ከነማ ሲሆን አሠልጣኙ አቶ ከማል አህመድ ነበሩ።

በቀጠሉት በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. ዋንጫው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ጊዮርጊስን ያሠለጥኑ የነበሩት ሚቾ በሚለው ስም ይበልጥ የምናውቃቸው የሰርብያው ሰው ሚሉቲን ስሬዶዬቪች ናቸው። እርሳቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ በሄዱ ጊዜ፥ በ1999 ዓ.ም.፥ ዋንጫው እንደገና ሐዋሳ ገባ፤ አሠልጣኙም እንደገና አቶ ከማል ነበሩ። እንግዲህ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ የአገር ልጅ ሁለት ጊዜ፥ አንድ የውጭ አገር ሰው ሁለት ጊዜ አሸነፉ ማለት ነው። የውጭ ወይስ የአገር ልጅ የሚለውን ጥያቄ በዋንጫ ቁጥር ለመፍታት የሚፈልግ ሰው በዚህ ላይ አቻ ከመውጣት በቀር የሚያገኘው ነገር የለም። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ሌላ ነው። ጊዮርጊስ ለሰርብያዊው ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመን ሰጥቷቸዋል፤ ሐዋሳም በሁለቱም ጊዜ ዋንጫ ያነሣው በአንድ በሚያውቀው ሰው እጅ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ክለቦቻችን አኗኗር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ብዙዎቹ ክለቦች የአንድ መሥሪያ ቤት ልጆች ናቸው። መብራት ኃይል፥ ባንክ፥ መድን፥ መከላከያ የሚሉት ስሞች ራሳቸው ይህን ይናገራሉ። ከነማ የሚባሉት ደግሞ በከተማ አስተዳደር የሚተዳደሩ ናቸው። በመሥሪያ ቤት ክለብ አሠልጣኙን የሚሾመው የሥራ አመራሩ ነው፤ ደመወዙንም የሚከፍለው እርሱ ስለ ሆነ በስታዲየሙ ጩኸት ብዙም አይናወጥም። በከነማ ግን የሚሾመው ቦርድ ከከተማው ሹማምንት የተውጣጣ በመሆኑ እሑድ የጮኸውን ተመልካች ሰኞ በመንገድ ላይ ያገኘዋል። ይህ ቅርበት በጎ ጎን አለው፤ ቦርዱ አሠልጣኙ ማን እንደ ሆነ፥ የየትኛው ሰፈር ልጆች ምን ያህል እንደሚጫወቱ ያውቃል። ክፉ ጎኑ ግን በሦስት ተከታታይ ሽንፈት ውሳኔው እንደሚለወጥ ነው። የሐዋሳ ሁለት ዋንጫዎች የተገኙት በጎው ጎን ባየለበት ጊዜ ይመስለኛል።

ክፉው ጎን ሲያይል ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ብሔራዊው ቡድን መመለስ ይበቃል። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ በስኮትላንድ የተወለዱት ሚስተር ኢፊ ኦኑዎራ ተሾሙ፤ ዓመት ሳይሞላቸው ሄዱ። በ2003 ዓ.ም. ግንቦት ቤልጂጋዊው ሚስተር ቶም ሴንትፊት ተተኩ፤ እርሳቸውም የቆዩት ወራት ብቻ ነው። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ፌዴሬሽኑ የአገር ልጅ ወደሆኑት ወደ አቶ ሰውነት ቢሻው ዞረ። አቶ ሰውነት እንግዳ ሰው አልነበሩም። በ1998 ዓ.ም. በኪጋሊ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ያገኘውን ቡድን የመሩ ነበሩና መራጮቹ ሥራቸውን በዓይናቸው አይተዋል። ጊዜም ተሰጣቸው። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣውን ቡድን በአዲስ አበባ 2 ለ 0 እንዲያሸንፍ አድርገው፥ ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩ ግቦች ብልጫ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሱት።

ከእነዚህ ከሁለቱ ግቦች አንዱን ያገባው አዳነ ግርማ የሐዋሳ ልጅ ነው፤ ሥራውንም የጀመረው በከነማ ነው። በደቡብ አፍሪካ በተደረገው ውድድር በረኛችን በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ ኢትዮጵያ በአሥር ሰው የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስትለያይ ግቡን ያገባው አሁንም እርሱ ነበር። ቀኑ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ ልክ ዋንጫው በተገኘ በ51ኛ ዓመቱ። እንዲህ ያለው አጋጣሚ ለታሪክ ጸሐፊ ምንም ማስረጃ አይሆንም፤ ቢሆንም ሳይጠቅሱት ማለፍ ከባድ ነው። በዚያው ቡድን ውስጥ ኋላ በግብፅ ክለቦች የተጫወተው ሽመልስ በቀለም ከሐዋሳ የወጣ ነው።

በዓለም ዋንጫ ማጣሪያም የተቀጣ ተጫዋች በመሰለፉ ሦስት ነጥብ የተቀነሰበት ይኸው ቡድን ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ የመጨረሻው ዙር ደረሰ፤ በ2006 ዓ.ም. በጥቅምት በአዲስ አበባ 2 ለ 1፥ በኅዳር በካላባር 2 ለ 0 በናይጄሪያ ተሸንፎ ቀረ። በጥር ወር በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ በተዘጋጀው የአፍሪካ ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ አቶ ሰውነት ተሰናበቱ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ፖርቱጋላዊው ሚስተር ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ እርሳቸውም በዓመቱ ግድም ሄዱ፤ አቶ ዮሐንስ ሳህሌ ተተኩ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ልማድ ይታያል። አዲሱ ሰው የሚመረጠው ለሥራው ከሚያስፈልገው ነገር ተነሥቶ ሳይሆን የተሰናበተው ሰው ካልነበረው ነገር ተነሥቶ ነው። ፈረንጁ ሲወድቅ የአገር ልጅ፥ የአገር ልጅ ሲወድቅ ፈረንጅ ይፈለጋል። ቁጣ ጥሩ መራጭ አይደለም።

የአገር ልጅ መሆንም ብቻውን እንደማያድን የአቶ ገብረመድኅን ኃይሌ ታሪክ ይመሰክራል። በ2008 ዓ.ም. ብሔራዊውን ቡድን ተረክበው ከጥቂት ወራት በላይ አልቆዩም። ከዚያ በኋላ ግን በ2010 ዓ.ም. ገና ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገውን ጅማ አባ ጅፋርን፥ በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታን፥ በ2017 ዓ.ም. መድንን ለዋንጫ አበቁ። ሰውየው ያው ናቸው። የተለወጠው የሰጧቸው ጊዜ ነው። በአንጻሩ አቶ ውበቱ አባተ በ2003 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ቡና ጋር ዋንጫ ወስደው፥ ኋላም ሐዋሳንና ፋሲል ከነማን አሠልጥነው፥ በሊጉ ውስጥ ያለውን ተጫዋች ሁሉ ከተመለከቱ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ለብሔራዊው ቡድን ተመረጡ፤ በ2014 ዓ.ም. ጥር ኢትዮጵያ በካሜሩን ተገኘች። በዚያው በ2013 ዓ.ም. ሐዋሳም ዋና አሠልጣኝነቱን ለቀድሞ ተጫዋቹ ለአቶ ሙሉጌታ ምሕረት ሰጥቶ ነበር።

በነቢዩ ሳሙኤል መጽሐፍ እንደምናነበው፥ የእሴይ ልጆች በፊቱ ሲያልፉ ሳሙኤል በመጀመሪያ ዓይኑ የወደቀው በቁመቱ በረዘመው ላይ ነበር። የኮሌጅ ቡድኖቻችንም መራጮች የሚፈተኑት በዚሁ ነው። የታወቀ ስም እንደ ረጅም ቁመት ከሩቅ ይታያል። ነገር ግን የኮሌጅ ቡድን ከክለብ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ክለብ ተጫዋቹን አሥር ዓመት ሊያቆየው ይችላል፤ በኮሌጅ ግን አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሞላ ሁሉም ተመርቆ ይሄዳል። ተከላካዩ ከአማካዩ ጋር እንዴት እንደሚግባባ፥ ባለፈው ዓመት ለምን እንደ ተሸነፉ፥ አዲስ የመጣው ልጅ ከፈተና ሰሞን ልምምድ እንዴት እንደሚያስማማ የሚያውቅ ቢኖር አሠልጣኙ ብቻ ነው። እርሱ በየዓመቱ ከተለወጠ ቡድኑ ሁልጊዜ የአንድ ዓመት ሕፃን ነው።

ስለዚህ በኮሌጅ አሠልጣኝ በሚመረጥበት ጊዜ ሦስት ነገሮች ቢደረጉ ደግ ነው እላለሁ። መራጮቹ ከመወሰናቸው በፊት እጩው ሲያሠለጥን ቢያንስ አንድ ሳምንት በሜዳ ተገኝተው ይመልከቱት፤ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ባለባቸው ኮሌጆች ይህ አስቸጋሪ አይሆንም። ውሉ ከሁለት የትምህርት ዓመት አይነስ፤ በመካከሉም በሽንፈት ብዛት ብቻ አይፍረስ። ሦስተኛው፥ የቀድሞው አሠልጣኝ ለምን እንደ ለቀቀ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ለአዲሶቹ መራጮች በስብሰባው መጀመሪያ ላይ ይነበብላቸው፤ ከእነርሱም መካከል ገና ሁለት ዓመት የሚቀረው አንድ ተጫዋች ድምፅ ኖሮት ይቀመጥ።