በ11 ቁጥር በዱባይ

ዛሬ ስለ መኪና ልናወራ ነው፤ ስለሌለን መኪና። እኛ (ሦስት ነን፤ ዴራ ውስጥ አንድ ክፍል ይዘን በየአልጋችን የምንከፍል የነበርን) ዱባይ የገባነው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አትደናገሩ። ከመሄዳችን በፊት ስለ ዱባይ ያልሰማነው ነገር አልነበረም፦ ፎቁ፣ ወርቁ፣ ባሕር ላይ የተሠራው ዘንባባ። ማንም ያልነገረን አንድ ነገር ቢኖር መንገድ መሻገር እንደማይቻል ነው።

ቀልድ አይደለም። በመጀመሪያው ወራችን ከሦስታችን አንዱ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቶ ሼክ ዛይድ መንገድ ላይ ከአውቶቡስ ወረደ። የሚሄድበት ሕንፃ ፊት ለፊቱ ነው። ስሙ ይነበባል፤ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ሳይቀር ይታያል። በመካከላቸው ግን አሥራ ሁለት ረድፍ መኪና ይከንፋል። ዜብራ የለም፣ መብራት የለም፣ ድልድይ በዓይን እስኪታይ ድረስ የለም። ሃያ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ሲንቀዋለል ቆይቶ ታክሲ ያዘ። (እዚያ ታክሲ ማለት የእኛው ኮንትራት ነው፤ "ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው!" የሚል ረዳት አትጠብቁ።) ሾፌሩ እስከ ቀጣዩ ማዞሪያ ነዳ፣ ዞረ፣ ተመለሰ፣ ፊት ለፊት አወረደው። ከመንገዱ ዳር ወደ መንገዱ ዳር፣ በታክሲ! ሥራውንም አላገኘውም። በላብ የራሰውን ሸሚዝ አይቶ ማን ይቀጥረዋል?

የቆዩትን ስንጠይቅ "በረሃ እኮ ነው፤ በረሃ ላይ ማን በእግሩ ይሄዳል?" አሉን። እኛም ለረጅም ጊዜ አምነናቸው ነበር። በሐምሌና በነሐሴ ያንን ወበቅ የቀመሰ ሰው ለማመን አይቸገርም። የከተማዋን ታሪክ መፈላለግ ስንጀምር ግን ነገሩ ተገለበጠብን። በረሃው ላይ የኖሩት ሰዎች የሠሩት ከተማ በእግር የሚኬድበት ከተማ ነበር።

ዱባይን መሃሏን ሰንጥቆ የገባ የባሕር ክንድ አለ፤ አረቦቹ ኸውር፣ ሌላው ሰው ክሪክ ይለዋል። በአንድ ወገኑ ዴራ፣ በሌላው ቡር ዱባይ። ድሮ ከተማው በቃ ይኸው ነው። በ1968 በተደረገው ቆጠራ ነዋሪው 60 ሺሕ እንኳ አልሞላም። ከቡር ዱባይ በኩል ባስታኪያ (አሁን አል ፋሂዲ የሚባለው) ሰፈር አለ፤ ከፋርስ ምድር ከባስታክ የመጡ ነጋዴዎች የሠሩት። ግማሹ በ1980ዎቹ ቢፈርስም የቀረውን ሄዳችሁ እዩት። ቤቶቹ ሆን ተብለው ተጠጋግተዋል፤ በመካከላቸው ያለው ቀጭን መተላለፊያ ሲካ ይባላል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድበት ይጠብባል፣ ግድግዳዎቹ ግን ቀኑን ሙሉ ጥላ ይጥላሉ። ከውኃው የሚነሳው ንፋስ በዚያ ጠባብ መንገድ ይገባል። ጣሪያው ላይ ያለው ባርጂል የሚሉት የንፋስ ማማ ደግሞ አየሩን ወደ ክፍሎቹ ያወርዳል። እኛ በነሐሴ ቀትር ገብተንበታል። ሙቀቱ ሙቀት ነው፤ ግን ይኬዳል። ከሲካው ወጥታችሁ አስፋልቱ ዳር ስትቆሙ ነው ልዩነቱን የምታውቁት።

ውኃውን መሻገሪያው አብራ ነው፤ ሃያ ሰው ገደማ የምትጭን የእንጨት ጀልባ። ዛሬም አለች። እኛ ባለንበት ዘመን ሁሉ አንድ ዲርሃም ነበር የምንከፍላት። ሱቅ ያለውም፣ ሸክም የሚሸከመውም፣ ቱሪስቱም ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይሻገራሉ። በዱባይ ውስጥ ደሞዛችሁን ሳትጠይቅ የምታሻግራችሁ የመጀመሪያዋ ነገር እሷ ናት።

ታዲያ መኪናው መቼ ገባ? በ1960 ሼክ ራሺድ ጆን ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ አርክቴክት አስመጥተው የመጀመሪያውን ማስተር ፕላን አሠሩ። ያኔ ከተማዋ አንድ አስፋልት መንገድ እንኳ አልነበራትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአል መክቱም ድልድይ ተሠራ። ከዚያ በፊት ወይ በአብራ ነው፣ ወይ የክሪኩን ጫፍ ዞሮ ነው። ለድልድዩ ማንም ክፉ ቃል የለውም፤ እኛም የለንም። ዋናው ነገር የመጣው በ1966 ነዳጅ ከተገኘ በኋላ ነው። በ1975 በክሪኩ ሥር ዋሻ፣ በ1976 ሌላ ድልድይ ተከፈተ።

በ1979 ደግሞ ያው ጆን ሃሪስ ንድፉን ያወጣው ባለ 39 ፎቁ የንግድ ማዕከል፣ ወደ አቡ ዳቢ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አሸዋ መሃል ብቻውን ቆመ። እዚያ ድረስ ማን ይሄዳል ተብሎ ብዙ ተሳቀበት። በዚያው ዓመት የጀበል አሊ ወደብ፣ ከክሪኩ እጅግ ርቆ፣ ተመረቀ። በቃ፤ የከተማዋ ዕጣ የተወሰነው ያን ጊዜ ይመስለናል። ክሪኩን ከብቦ ይኖር የነበረ ከተማ በአንድ አውራ ጎዳና ላይ እንደ መቀነት ተዘረጋ። በ1990ዎቹ ጎዳናው ሰፋ፤ ከ2002 ወዲህ የውጭ ዜጎች ቤት መግዛት ሲፈቀድላቸው መቀነቱ ረዘመ። ከዴራ እስከ ማሪና ሰላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ የበረሃው ሥራ አይደለም። እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ሰው አስቦበት፣ ገንዘብ መድቦለት፣ ለመኪና ብሎ ነው የሠራው።

እና መኪና የሌለው? መንገዱን የሠሩት ሠራተኞች ከሶናፑር ካምፕ በነጫጭ የኩባንያ አውቶቡሶች ተጭነው መጡ፣ ሠሩ፣ ተጭነው ተመለሱ። መሻገር የእነሱ ጉዳይ አልነበረም። ከ2005 ጀምሮ በበጋው ወራት በቀትር ውጭ ማሠራት በሕግ ተከለከለ፤ ጥሩ ሕግ ነው። ግን እዚያው ቀትር ላይ አውቶቡስ ለመያዝ ሁለት ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ፀሐዩን የሚከለክልለት አልነበረም። መንግሥትም ይህን አውቆ ነው መሰል በእነዚያ ዓመታት ኤርኮንዲሽን ያላቸው የአውቶቡስ ፌርማታዎችን መሥራት ጀመረ። የመስታወት ክፍል ናት፤ በር ከፍተህ ትገባለህ፣ ትቀዘቅዛለህ። ስንቱን የፍቅር ጭውውት እዚያ ውስጥ እንደሰማን ብንነግራችሁ!

ከዚያ 2009 መጣ። መስከረም 9፣ በእነሱ ሰዓት ከምሽቱ 9፡09 ከ9 ሴኮንድ ላይ (ዘጠኝ ይወዳሉ) ሜትሮው ተመረቀ። ሾፌር የሌለው ባቡር፣ ቀዩ መስመር 52 ኪሎ ሜትር፤ መጀመሪያ የተከፈቱት ግን አሥር ጣቢያዎች ብቻ ነበሩ። ጋዜጦቹ ሁሉ ስለ ባቡሩ ጻፉ። ለእኛ ግን ትልቁ ነገር ባቡሩ አልነበረም፤ ድልድዩ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ በሼክ ዛይድ መንገድ ላይ ከወዲህ ወዲያ የሚያሻግር የተዘጋ፣ የቀዘቀዘ፣ አንዳንዱም የሚንቀሳቀስ ወለል ያለው የእግረኛ ድልድይ ይዞ መጣ። ያ ጓደኛችን ጣቢያው እንደተከፈተ ሄዶ ያንን ሕንፃ በእግሩ ተሻገረበት። ሥራ አልነበረውም እዚያ። ተሻግሮ፣ ዘበኛውን ሰላም ብሎ፣ ተመልሶ መጣ።

አንድ ያስከፋን ነገር ግን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሜትሮው ዓርብ ዓርብ የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሲከፈት ከቀኑ 8 ሰዓት። ዓርብ ደግሞ ያኔ የዕረፍት ቀን ነበር። የቤት ሠራተኛ የሆኑ እህቶቻችን ዕረፍት ከተሰጣቸው የምትሰጣቸው ያቺው ቀን ነበረች፤ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት በሕግ የጸናላቸው እንኳ በ2017 ነው። አንዲት እህታችን ጁሜራ ቪላ ውስጥ ትሠራ ነበር። ማዳሟ በወር ሁለት ዓርብ ትለቃታለች፤ ከቀኑ 4 ሰዓት ወጥታ ማታ 2 ሰዓት መግባት አለባት። የምትመጣው ዴራ፣ ፍሪጅ ሙራር፣ እንጀራና ቡና ወዳለበት፣ አማርኛ ወደሚሰማበት ነው። የእግረኛ መንገድ በሌለው የቪላ ሰፈር አስፋልቱን ጠርዝ ጠርዝ ይዛ፣ ጃንጥላ ዘርግታ፣ እስከ ፌርማታው ትሄድና አውቶቡስ ትጠብቃለች። ስትደርስ ግማሹ ዕረፍቷ አልቋል። "ቡናውን አፍሉት፣ አቦሉን እንኳ ልድረስበት" ብላ ከመንገድ የምትደውልልን ነገር እስከ ዛሬ አይረሳንም። ታክሲ እንዳትይዝ የደርሶ መልሱ ዋጋ የሁለት ቀን ደሞዟ ነው።

አሁን ነገሩ ተሻሽሏል፤ ይህን አለመናገር ግፍ ነው። አረንጓዴው መስመር በ2011 ተከፈተ፤ የዓርቡ ሰዓትም ቀስ በቀስ ወደ ጠዋቱ ቀረበ። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ 6,500 ኪሎ ሜትር የእግረኛ መንገድ፣ 110 ድልድይና የመሬት ውስጥ መተላለፊያ ለመሥራት ዕቅድ ወጣ፤ ከጉዞው ሁሉ 13 በመቶ የሆነውን የእግረኛ ድርሻ በ2040 ወደ 25 በመቶ ለማድረስ ነው የታሰበው። በሌላ በኩል መንገድ ያለቦታው የተሻገረ 400 ዲርሃም ይቀጣል። በ2023 ብቻ 44 ሺሕ ያህል ሰው ተቀጥቷል። እስቲ ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት። ይህ ሁሉ ሰው እብድ ነው ወይስ የሚሻገርበት ርቆት ነው? የ2025ቱ አዲስ የትራፊክ ሕግ በፈጣን መንገዶች ላይ ለሚሻገር ቅጣቱን ይበልጥ አክብዶታል።

እህታችን ከቪላው ከወጣች ቆየች። አሁን ኢንተርናሽናል ሲቲ ተከራይታ ዴራ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። እዚያ ሜትሮ የለም። ጠዋት ጠዋት የምትሄደው በካርሊፍት ነው፤ ባለ መኪናው በወር እያስከፈለ አራት አምስት ሰው የሚያመላልስበት፣ ፈቃድ የሌለው፣ ፖሊስ ሲታይ "ዘመዳሞች ነን" የሚባልበት። በሰፈሯ የሚያልፈው ሰማያዊ መስመር፣ 30 ኪሎ ሜትር፣ 14 ጣቢያ፣ የመሠረት ድንጋዩ በሰኔ 2025 ተጥሏል። ይከፈታል የተባለው መስከረም 9፣ 2029 ነው።

ባለፈው በስልክ ይህንኑ ስናወራ "ጣቢያው ከቤቴ ስንት ደቂቃ እንደሚሆን በእግሬ ለክቼዋለሁ" አለችን። ዘጠኝ ደቂቃ ነው አሉ።