ብርድ የጠበቀው ፈረስ

የእንስሳት ወረርሽኝ ሲነሣ ሁላችንም የምናስታውሰው ክፉ ቀንን ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ «ደስታ» የተባለው በሽታ የእርሻውን በሬ ፈጅቶ ሕዝቡን ለረሃብ ዳረገው። ደስታ ግን ፈረስን አይነካም። የፈረስ ጠላት ትንኝ የምታዛምተው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ነው። ከያዛቸው መቶ ፈረሶች እስከ 90 የሚሆኑትን ሊጨርስ ይችላል፤ በቅሎ ከፈረስ ይሻላል፤ አህያም ከበቅሎ።

ባሌን በዚህ ዐይን እንየው። ሮቤና ጎባ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው፤ የሳነቴ አምባ 4,000 ይደርሳል። ብርዱ ትንኟን ፈጽሞ ባያጠፋትም ያሳንሳታል። ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን አቋርጦ፣ በሐረና ደን አልፎ ደሎ መና የወረደ መንገደኛ ግን ከፈረስ አገር ወጥቶ ከግመል አገር ይገባል። እኔ የባሌን ግልቢያና ጉግስ የፈረሰኛው ጀግንነት ብቻ ሳይሆን የብርዱም ስጦታ የምለው ለዚህ ነው።

በነሐሴ 1999 ዓ.ም. የፈረስ ጉንፋን አውስትራሊያ ሲገባ በኒው ሳውዝ ዌልስና በኩዊንስላንድ የፈረስ እሽቅድምድም ቆመ፤ በክትባትና በዝውውር እገዳ በሽታው በወራት ውስጥ ጠፋ። እዚያ የተዘጋው የውድድር ሜዳ ነበር። የባሌ ገበሬ ፈረሱ ሲሞትበት ግን ገበያ፣ ሠርግና ለቅሶ የሚያደርሰውን እግሩን ያጣል፤ በበዓል ቀንም ከጉግሱ ዳር ቆሞ ተመልካች ይሆናል።

ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። ትንኟ ሳትቀድመው ከገበሬው ደጃፍ ይድረስ እላለሁ፤ ደጋው በሞቀ ቁጥር የፈረሱ ምሽግ ይላላልና።