ቤቱ የማን ነው? መንፈስ ያለባቸው ቤቶች ፊልም ለምን አያረጅም

የአዲስ አበባ ነዋሪ በከተማው የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ያየው ተንቀሳቃሽ ምስል ቢያስደነግጠው ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው፡፡ ስሙ በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ሳይወሰን ለብዙ ዘመን በከተማው አፍ ላይ ቆይቷል፡፡ ያ ተመልካች ሳያውቀው ለአንድ የፊልም ዘውግ ስም አውጥቶ ነበር ማለት ይቻላል፡፡ መንፈስ ያለበት ቤት ከድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ጀምሮ ሆሊውድና ለንደን ያልተለዩት ርዕስ ነውና፡፡

ከእነዚህ ፊልሞች መካከል አንዳንዶቹ ከስድሳ ዓመት በኋላም ለምን ይታያሉ ቢባል የተለመደው መልስ «ሰው መፍራት ስለሚወድ ነው» የሚል ነው፡፡ መልሱ ስህተት ባይሆንም በቂ አይደለም፡፡ መፍራት ብቻ የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ይልቅ የሚያስደነግጥ አዲስ ፊልም አያጣም፡፡ የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሌላ ነው፡፡ ዕድሜ ያገኙት ፊልሞች በመሠረቱ የመንፈስ ሳይሆን የቤት ፊልሞች ናቸው፡፡ የሚያነሱትም ጥያቄ ቤት የገዛ፣ የተከራየ ወይም የወረሰ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፡፡ ይህ ቤት የማን ነው? ከእኔ በፊት ምን ተፈጽሞበታል? ያልተነገረኝስ ነገር ምንድን ነው?

የተደበቀ ጉድለት

እ.ኤ.አ. በ1944 ሉዊስ አለን ያዘጋጀው «ዘ አንኢንቫይትድ» የሚጀምረው በሽያጭ ነው፡፡ ወንድምና እህት በእንግሊዝ አገር በኮርንዋል የባሕር ዳርቻ ባዶውን የቆመ ትልቅ ቤት አይተው ይወዱታል፡፡ ባለቤቱ አዛውንት የልጅ ልጃቸው እየተቃወመች በርካሽ ይሸጡላቸዋል፡፡ ዋጋው ለምን እንደረከሰ በደንብ የሚገባቸው ገብተው መኖር ከጀመሩ በኋላ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1982 ቶቢ ሁፐር ባዘጋጀው «ፖልተርጋይስት» ደግሞ ቤቱ አሮጌ ግንብ ሳይሆን ሪል እስቴት ኩባንያ የሠራው አዲስ የመኖሪያ ቤት ነው፡፡ አባወራው ራሱ የኩባንያው የሽያጭ ሠራተኛ ነው፡፡ በመጨረሻ እንደሚታወቀው ኩባንያው መንደሩን የገነባው በመቃብር ቦታ ላይ ሲሆን፣ የመቃብር ድንጋዮቹን አንስቶ አስከሬኖቹን ባሉበት ትቷቸዋል፡፡ ስለዚህ በቤቱ ውስጥ የሚጮኹት ሙታን ቅድሚያ ያላቸው ባለመብቶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡

ይህ በሕግ ቋንቋ የተደበቀ ጉድለት ይባላል፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ በሸጠው ነገር ላይ ላለ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፡፡

ፍርድ ቤት የቀረበው መንፈስ

ነገሩ ቀልድ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የኒውዮርክ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሰጠውን ውሳኔ ቢመለከት መልካም ነው፡፡ በሃድሰን ወንዝ ዳር በምትገኘው ናያክ ቤት ለመግዛት ተዋውሎ ቀብድ የከፈለ ሰው፣ ቤቱ መንፈስ ያለበት ተብሎ የታወቀ መሆኑን ዘግይቶ ይሰማል፡፡ ሻጯ ቀደም ሲል የመናፍስቱን ታሪክ በአገር አቀፍ መጽሔትና በአካባቢው ጋዜጣ አሳውቃ ነበር፡፡ ለገዥው ግን አልነገረችውም፡፡

የሥር ፍርድ ቤት «ገዥ ይጠንቀቅ» በሚለው የቆየ መርህ ክሱን ዘጋው፡፡ ይግባኝ ሰሚው ግን በአብላጫ ድምፅ፣ ሻጯ ለሕዝብ ያወጀችውን መልሳ መካድ ስለማትችል ቤቱ በሕግ ዓይን መንፈስ ያለበት ነው አለ፡፡ ገዥው የካሳ ጥያቄው ባይሳካለትም ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ ተፈቀደለት፡፡ እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው ዳኞቹ መናፍስት መኖር አለመኖራቸውን በማስረጃ አለማጣራታቸውን ነው፡፡ የወሰኑት የቱንም ያህል ጠንቃቃ ገዥ ቤቱን ፈትሾ ሊደርስበት የማይችለውን ነገር ይዞ ዝም ስላለ ሻጭ ነው፡፡

ማስረጃው የት አለ?

ምርጦቹ ፊልሞችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ መንፈሱን አያረጋግጡም፡፡ ጃክ ክሌይተን እ.ኤ.አ. በ1961 ከሄንሪ ጄምስ ልቦለድ የሠራው «ዘ ኢኖሰንትስ» ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናት እንድታሳድግ የተቀጠረች ሴት ታሪክ ነው፡፡ የልጆቹ አጎት ኃላፊነቱን ሁሉ ለእሷ አስረክቦ ዳግም እንዳታስቸግረው ያዛታል፡፡ እሷ የሞቱትን የቤቱን ሠራተኞች ታያለች፡፡ መናፍስቱ በእርግጥ አሉ ወይስ የእሷ አእምሮ ነው? ፊልሙ ሁለቱንም ወገን አሰምቶ ፍርዱን ለተመልካች ይተወዋል፡፡

ከሁለት ዓመት በኋላ ሮበርት ዋይዝ በሸርሊ ጃክሰን ልቦለድ ላይ ተመሥርቶ የሠራው «ዘ ሆንቲንግ» ከዚህም ይቆጥባል፡፡ መንፈስ አይታይም፡፡ ያለው የሚደበደብ ግድግዳ፣ ከውጭ ሲገፋ እንደ ሆድ የሚነፋ የእንጨት በርና ልክነት የጎደለው ቤት ነው፡፡ ዋይዝ ክፍሎቹ የተጣመሙ እንዲመስሉ ከፓናቪዥን ኩባንያ ገና ያላለቀ ሌንስ ጠየቀ፡፡ የተሰጠውም ሌንሱ ጉድለት እንዳለበት ማወቁን የሚገልጽ ሰነድ ከፈረመ በኋላ ነው፡፡ በዚህ ሁሉ ታሪክ ጉድለቱን አውቆ የተረከበው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፡፡

ይኸው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1999 በብዙ ገንዘብ እንደገና ሲሠራ መንፈሱ በኮምፒዩተር ምስል በግላጭ ቀረበ፡፡ ሐያሲያን አልወደዱትም፡፡ ሁሉ ነገር ከታየ ተመልካቹ የሚመዝነው ነገር አይቀርለትም፡፡ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2001 አሌሃንድሮ አሜናባር በ«ዘ አዘርስ» ወደ ጨለማው፣ ወደ ተዘጋው በርና ወደ አሮጌው ጥያቄ ተመልሶ ዓለም አቀፍ ስኬት አገኘ፡፡

ቤት የሌላት ሴት

ወደ «ዘ ሆንቲንግ» እንመለስ፡፡ ጁሊ ሃሪስ የተጫወተችው ዋና ገጸ ባሕርይ ኤሊኖር አሥራ አንድ ዓመት በሽተኛ እናቷን አስታማለች፡፡ እናቷ ሲሞቱ በእህቷ ቤት ሳሎን ሶፋ ላይ ታድራለች፡፡ ያላት ንብረት ከእህቷ ጋር በጋራ የገዛችው መኪና ነው፤ እሱንም ስትጠይቅ ትከለከላለች፡፡ ግማሹ የእኔ ነው ብላ ይዛው ትሄዳለች፡፡ መንገዷ የሚያደርሳት ሌሎች ሁሉ ወደሚሸሹት ቤት ነው፡፡

የፊልሙ እውነተኛ ድንጋጤ ከበሩ መነፋት ይልቅ እዚህ ላይ ነው፡፡ ቤቱ ክፉ መሆኑን ኤሊኖር ታውቃለች፡፡ ይሁን እንጂ በሕይወቷ እሷን የፈለጋት ብቸኛ ቤት ይኸው ነው፡፡ ሂጂ ስትባል መሄጃ የላትም፡፡ ማደሪያ የቸገረው ሰው የቀረበለትን ቤት ሳይመረምር፣ አንዳንዴም መርምሮ እያወቀ ይገባል፡፡ በየትኛውም ከተማ ውል ፈርሞ ቁልፍ የተረከበ ሰው ይህን ለመረዳት በመናፍስት ማመን አያስፈልገውም፡፡