ዘንዶ እኮ ነበረን

ባለፈው ክረምት የድሮ ዕቃ ስበረብር አንዲት ሚሞሪ ካርድ አገኘሁ። ሁለት ጊጋ ናት፤ ጥፍር ታክላለች። ውስጧ እኔና ሦስት ጓደኞቼ በ2003 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ በሞባይል የቀዳነው ዘፈን አለ፤ «ባንዳችን» በዕድሜው የቀዳው ብቸኛ ሥራ። ግጥሙ እንግሊዝኛ ነው። በበረዶ ስለተሸፈነ ግንብ፣ ስለ ሰይፍና ስለ ዘንዶ ያወራል። በረዶ ስል ቆርቆሮ የሚደበድበውን የኛን የክረምት በረዶ አይደለም፤ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚከርመውን ነው። እሱን ከፊልም ውጭ ማናችንም አይተነው አናውቅም። የቀዳንበት ሳሎን ሙቀቱ ለጉድ ነበር፤ በዘፈኑ መሃል የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ከነከነኝ። ለዚህ ሙዚቃ የአራት ዓመት ጉርምስናዬን ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚያ አንድ ቀን ለማንም ሳልናገር ተውኩት። ለምን እንደተውኩት በደንብ ያሰብኩት አሁን ነው።

በ2001 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ እየተቆጠረ ስለሚከፈል፣ ዘፈን ማውረድ ለኛ የሚታሰብ አልነበረም። ሰፈራችን ግን ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ ሃርድ ዲስክ ያለው ልጅ ነበር። እሱ ነው የሄሎዊንን «ኪፐር ኦፍ ዘ ሰቨን ኪስ» ሁለቱንም ክፍል የጫነልኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ፓወር ሜታልን ለማታውቁ እንዲህ ነው፦ ጊታሩ ይጮሃል፣ ከበሮው እንደ ጋላቢ ፈረስ ይሮጣል፣ ዘፋኙ ደግሞ ጣራ በሚነካ ድምፅ ስለ ጀግንነት ይዘፍናል። ሌላው ሜታል ስለ ሞትና ስለ ጨለማ ሲያጉረመርም፣ ይሄኛው ደስ ብሎት ይጮሃል። የያዘኝም ደስታው ነው። አስቡት፣ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ አቧራ በሚያስነሳው የአዳማ ነፋስ ውስጥ ኢርፎን ሰክቼ ስሄድ ራሴን ፈረስ ላይ አየዋለሁ።

ሄሎዊን በ1984 ሃምቡርግ ውስጥ የተመሠረተ የጀርመን ባንድ ነው (የውጭዎቹን ዓመታት በነሱ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። «ኪፐር» በ1987 እና በ1988 ተከታትሎ ወጣ፤ የመጀመሪያው ሲቀዳ ዘፋኙ ሚካኤል ኪስከ ሃያ ዓመት አልሞላውም። እነሱም ከባዶ አልተነሱም። የእንግሊዞቹ አይረን ሜይደንና ጁዳስ ፕሪስት ከፊታቸው ነበሩ። ሬይንቦው የተባለው ባንድም በ1976 ግንብ ስለሚያስገነባ ጠንቋይ ስምንት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን ሠርቶ ነበር። የሃምቡርግ ልጆች ይህን ሁሉ ወስደው ፍጥነት ጨመሩበት፤ ላዩ ላይ ደግሞ ሕፃን እንኳ አንዴ ሰምቶ የሚያዜመው ዜማ ጫኑበት። ይህ ድርጊታቸው መኮረጅ አይባልም። ወይም ከተባለ፣ የተኮረጀውን የማይመስል ኩረጃ ነው።

ከዚያ 1997 መጣ። በዚያ አንድ ዓመት የስዊድኑ ሃመርፎል የመጀመሪያ አልበሙን፣ የጣሊያኑ ራፕሶዲ «ሌጀንደሪ ቴልስን»፣ የፊንላንዱ ስትራቶቫሪየስ «ቪዥንስን» አወጡ። ግራንጅ ዓለምን ከያዘ በኋላ እንዲህ ያለው ዘፈን እንደ አያት ኮት የሚታይበት ጊዜ ነበር። ሰው «አልፎበታል» ያለውን ነገር እልህ ይዞ መጫወት አንድ ነገር ይጠይቃል፤ እነዚያን አልበሞች ስሰማ እልሁ ይሰማኛል። ተሸጡ። ከተሸጡ በኋላ ግን ጎርፉ መጣ።

ጎርፉን ያወቅነው በጨዋታ ነው። ማታ ማታ አጥር ሥር ተቀምጠን አንዱ ከስልኩ ሃያ ሰከንድ ያሰማል፣ ሌሎቻችን የባንዱን ስም እንናገራለን። የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል። በመጀመሪያው ዓመት እኔ ሻይ ገዝቼ አላውቅም ነበር። ባንድ በላይ በላይ እየጫንን ስንሄድ ግን ጨዋታው ተበላሸ። ያው ከበሮ፣ ያው ኪቦርድ፣ ያው የመዘምራን ጩኸት፣ ሽፋኑ ላይም ያው ዘንዶ። አንድ ማታ ጊታሪስታችን ዘፈን ከፈተ፤ አራታችንም ዝም አልን። «ማነው?» ስንለው ስልኩን አየና «እኔም ረሳሁት» አለ። ሻዩን ማን እንደከፈለ አላስታውስም።

ሄሎዊን ከአይረን ሜይደን ሲወስድ በራሱ ከተማና በራሱ ጉርምስና ውስጥ አሳልፎ ነው። በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ከሄሎዊን ወስደው ያሳለፉት በሄሎዊን ውስጥ ነው። ፎቶ ኮፒን ፎቶ ኮፒ ስታደርጉት ምን እንደሚመስል ፈተና ላይ በደበዘዘ ወረቀት የተፈተነ የኔ ዘመን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

መኮረጅ ኃጢአት ቢሆንማ ወርቃማ ዘመን የምንለው የኛው ሙዚቃ በሙሉ ገሃነም በገባ ነበር! በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ነፋሳቸው የአውሮፓ የናስ መሣሪያ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ያሉት በከንቱ አይደለም፤ ፀጉሩንም ሸሚዙንም ኮርጇል። ሙላቱ አስታጥቄ ዌልስ፣ ለንደንና ቦስተን ተምሮ ነው የመጣው። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲከፍት የሚያሳትመው ሙዚቃ በፈረንጅ ሳክስፎንና በፈረንጅ ኦርጋን የተሞላ ነበር። ግን ከፈረንጅ የመጣው ሁሉ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በሚባሉ አራት በሮች ማለፍ ነበረበት። ሲያልፍ መልኩ ይቀየራል። ማሕሙድ አሕመድን ሃያ ሰከንድ አሰሙኝ፣ ሻዩን እናንተ ትከፍላላችሁ።

አሊ ቢራም እንዲሁ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከአፍረን ቀሎ ጋር ሲጀምር ጆሮው በአረብኛ፣ በሱዳን፣ በሶማሌና በሐረሪ ዜማ የተሞላ ነበር። ዑዱን አንስቶ በኦሮምኛ ሲዘፍን ግን አሊ ቢራን ሆኖ ወጣ። በ2022 ያረፈው እዚሁ አዳማ ነው። የጊታሪስታችን አባት ካሴቶቹን በሙሉ ሰብስበው ነበር፤ እኛ ግን ልምምድ ስንጀምር «አባዬ፣ እባክህ ቀንሰው» ነበር የምንላቸው። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

በእርግጥ እኛም የፎቶ ኮፒ ዘመን አለን። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጭፈራ ቆለፈው፤ ትልልቆቹ ባንዶች ተመናመኑ፣ ቆይቶም የሠርጉንና የሆቴሉን መድረክ አንድ ሰውና አንድ ኪቦርድ ያዙት። ኪቦርዱ አላጠፋም። ከነፋስ መሣሪያው ጋር አብሮ የጠፋው ግን አምስት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ የሚጨቃጨቀው ጭቅጭቅ ይመስለኛል። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ስንት ሠርግ በልቻለሁ፤ ከበሮው ሁሌም ያው የተቀመጠለት ቁልፍ ነው።

የዘንዶው ነገር ደግሞ ከሁሉም ያናድደኛል። ዘንዶ እኮ ነበረን! በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ይወጋዋል። በአክሱም አፈ ታሪክ ደግሞ አርዌ የሚባል ዘንዶ አገር ይገዛ ነበር፤ ሕዝቡም ይገብርለታል። አንጋቦ የሚባል ሰው፣ በአንዱ ትረካ፣ መርዝ ያለባት ፍየል አብልቶ ገደለውና ነገሠ። ሰይፍ የለ፣ ፈረስ የለ፤ በፍየል! ይህን የሚያህል ዘፈን እጃችን ላይ አስቀምጠን እኛ የፊንላንዱን ዘንዶ በተሰበረ እንግሊዝኛ ስናሳድድ ከረምን።

ሌሎች ግን አድርገውታል። የብራዚሉ አንግራ በ1996 «ሆሊ ላንድ» በተሰኘው አልበሙ ይህንኑ የአውሮፓ ሜታል ወስዶ የአገሩን ምት ከተተበት፤ ታሪኩንም ፖርቱጋሎች ብራዚል ከደረሱበት ዘመን አነሳው። የቱኒዚያው ሚራት የሰሜን አፍሪካን ዜማ ይዞ ገባ። ሁለቱም ፓወር ሜታል ናቸው፤ ከማንም ጋር ግን አይምታቱም።

እኛ ቤት ደግሞ በ2012 ጃኖ ባንድ «ኤርታሌን» አወጣ። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ፓወር ሜታል አይደለም፣ ሮክ ነው፤ ሁሉም ዘፈን ይዞኛልም አልልም፣ አንዳንዱ ከመጠን በላይ የተወለወለ ይመስለኛል። ግን የተንገረበበ ጊታር የኛን ቅኝት ሲጫወት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፤ መውረጃዬን አለፍኩት። ኤርታሌ እሳተ ገሞራ ነው፤ አፋር ውስጥ፣ አዳማም በተቀመጠችበት በዚያው ስምጥ ሸለቆ። ከሰሜን አውሮፓ እሳት ስንለምን እሳቱ እግራችን ሥር ነበር። የኛ ባንድ ያኔ ከፈረሰ ዓመት አልፎታል።

ጊታሪስታችን አሁን ጀርመን ነው የሚኖረው። ሄሎዊኖች ከድሮው ዘፋኛቸው ከኪስከና ከመሥራቹ ካይ ሃንሰን ጋር ታርቀው በ2017 የዓለም ጉዞ ሲጀምሩ፣ እሱ አንዱ ኮንሰርት ላይ ገብቶ በቪዲዮ ደወለልኝ። ምንም አይሰማም፤ ጩኸትና የተንቀጠቀጠ መብራት ብቻ። ስልኩን ወደ ራሱ ሲያዞረው እያለቀሰ ነበር። ከዚያ በኋላ በየወሩ አዲስ ባንድ ይልክልኛል፤ «ይሄን ስማ፣ እንደ ድሮው ነው» ይለኛል። እኔም «አሪፍ ነው» እላለሁ። ችግሩ እንደ ድሮው መሆኑ ነው። ይህን ግን ነግሬው አላውቅም፤ ጓደኝነታችን የቆመው በነዚያ ዘፈኖች ላይ ስለሆነ ይመስለኛል።

ሚሞሪዋን ባገኘሁ ማግስት ዘፈናችንን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አራተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ነገር አለ። ይህ ሙዚቃ በሁለት እግር የሚመታ ከበሮ ይፈልጋል፤ የኛ ድራመር ግን ፔዳሉ አንድ ነበር፣ እሱም የተውሶ። በአንድ እግሩ የሁለት እግር ሥራ ሲሠራ ቆይቶ ደከመው። ሲደክመው እግሩ ሳያስበው ወደሚያውቀው ምት፣ ወደ ችክችካ ወረደ። ጊታሩም ለሦስት፣ ለአራት ዙር ያህል ተከተለው። ከዚያ የኔ ድምፅ ይሰማል፦ «ኧረ ቁም! አበላሸኸው!» ቅጂው እዚያ ላይ ይቆማል።

ያቺን የአሥር ሰከንድ ቁራጭ ቆርጬ ለጊታሪስታችን ላክሁለት። ሌሊት ነበር፣ ወዲያው አየው። ትንሽ ቆይቶ መለሰልኝ፦ «ባንዱ ማነው?»