የጉና አፈርና የሶናር ሚዛን

የጉና ተራራ ዝናብ ሁሉ በአንድ መንገድ አይሄድም። በምዕራብ እስቴ በኩል የወረደው በጉማራ ጣና ይገባል፤ የጋይንትና የስማዳው ግን ጣናን ሳያይ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። አፈሩም ውኃውን ተከትሎ ይሄዳል። የት እንደተኛ፣ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ውኃው ሥር ያለውን ወለል መለካት ግድ ነው።

እንግሊዞቹ ግራባምና ብላክ እ.ኤ.አ. በ1920–21 ወደ ጣና የመጡት ውኃ ማጠራቀም ይቻል እንደሆነ ሊያጠኑ ነበር። በ1937 ጣሊያኖች ተከተሉ፤ የጣሊያናዊው ሞራንዲኒ የሐይቅ ጥናት በ1940 ታተመ። በዚያው ዘመን ሌላው ዓለም ገደል ማሚቶን ሥራ አስይዞት ነበር፤ የጀርመኑ መርከብ ሜቴዎር በ1925–27 የደቡብ አትላንቲክን ጥልቀት በድምፅ ለክቷል። ጋይንት ገደል አፋፍ ላይ የሚጣራ እረኛ ነገሩን ያውቀዋል፤ ገደሉ በራቀ ቁጥር ድምፁ ዘግይቶ ይመለሳል።

በዚሁ መንገድ የሚለካው መሣሪያ፣ ሶናር፣ ግን ጥልቀት አያውቅም፤ የሚያውቀው ጊዜ ብቻ ነው። የድምፁን ፍጥነት የሚነግረው ሰው ነው። ጨው በሌለው ውኃ ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 1,482፣ በ25 ዲግሪ 1,497 ሜትር ያህል ይጓዛል። በቀዝቃዛው ቁጥር ሞቃቱን ውኃ የለካ ሰው አንድ በመቶ ያጎድላል፤ 14 ሜትር በሚጠልቀው የጣና ክፍል 14 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ይህቺ ምን አላት? ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ናት። ያልመጣ ደለል መጣ ይባላል፤ የእስቴ ገበሬም ባላጠበው አፈር ይወቀሳል።

መላው ቀላል ነው። ጠፍጣፋ ብረት በሰንሰለት ከመሣሪያው ሥር 2 ሜትር፣ ከዚያ 5 ሜትር ይወርዳል፤ ሶናሩ ያንኑ እስኪያነብ ይስተካከላል። ጥልቀትን ድንጋይ በታሰረበት ገመድ ከመለካት ያዳነን መሣሪያ ተመልሶ በሰንሰለት መፈተኑ ያስቀኛል። ባለ ብዙ ጨረር ሶናር ሲሆን ደግሞ ጀልባው በአንድ መስመር ሄዶ ተመልሶ ሁለቱ ልኬቶች ካልገጠሙ የመሣሪያው መዘንበል ይታረማል። ለስላሳ ጭቃ ላይ ሌላ ጣጣ አለ፤ ቀጭኑ ድምፅ ከጭቃው ፊት ይመለሳል፣ ወፍራሙ ዘልቆ ይገባል። ወለሉ የትኛው ነው?

የጋይንትና የስማዳ አፈር ግን በዓባይ ወርዶ ሲለካ የኖረው ሱዳን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው የሮዛሪስ ግድብ በተደጋጋሚ ተለክቶ፣ ከመጀመሪያ መያዣው ከሲሶ በላዩን ደለል እንደወሰደው ታይቷል። ከ2020 ወዲህ ግን ያ ደለል መጀመሪያ የሚያርፈው ጉባ ላይ፣ በሕዳሴው ግድብ ውስጥ ነው፤ ሰንሰለቱን የሚያወርደውም ጀልባ እንግዲህ የኛው ነው።