ፍቅር፣ ስለላና ቤተ ዘመድ በአምስቱ ዓመት

የጦርነት ልብ ወለድ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ያው አንድ ነገር ነው። ቆንጆ ልጅ አለች፤ ሰላይ ናት፤ የጠላት መኮንን ይወዳታል፤ ወንድሟ ደግሞ ጫካ ነው። መጨረሻ ላይ ሽጉጥ ይተኮሳል፤ አንባቢ ያለቅሳል፤ አለቀ! እንዲህ ያለው ታሪክ አይነበብም አልልም። ዳሩ ግን ወደ አምስቱ ዓመት የኢጣልያ ወረራ ስንመለስ ፍቅር፣ ስለላና የቤተ ዘመድ ታማኝነት ለየብቻ ቆመው አናገኛቸውም። ሦስቱም ባንድ ጣራ ሥር ነበሩ።

ወይዘሮ ከበደች ሥዩምን እንመልከት። የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ፣ የደጃዝማች አበራ ካሣ ባለቤት ነበሩ። አባታቸው ራስ ሥዩምና አማታቸው ራስ ካሣ ኃይሉ በ1928 ዓ.ም. ተምቤን ላይ ባንድነት ተዋግተዋል። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ግን መንገዱ ተለያየ። ራስ ካሣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፤ ራስ ሥዩም ለኢጣልያ ገቡ፤ ደጃዝማች አበራ ሰላሌ ላይ ጦራቸውን ይዘው ቀሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከተሞከረው ጥቃት መሪዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ግን ሕይወታቸው እንደማይነካ ቃል ተሰጥቷቸው፣ ከወንድማቸው ከአስፋ ወሰን ጋር እጃቸውን ቢሰጡ ሁለቱም ፍቼ ላይ ተገደሉ። ወይዘሮ ከበደች ተስፋ ቆርጠው ቤት አልዋሉም፤ ትግሉን ቀጠሉ።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ባል ተገድሏል፤ አማት ባሕር ማዶ ነው፤ አባት ለገዳዮቹ ገብቷል። ታዲያ ልጅነት ወዴት ይጎትታል? ሚስትነትስ? የትኛው ደራሲ ነው ከዚህ የከበደ ቋጠሮ ከራሱ የሚፈጥረው?

ስለላውስ ቢሆን? የውስጥ አርበኛ ጥይትና መድኃኒት፣ ልብስና ወሬ ከከተማ ወደ ጫካ ያሻግር ነበር። ከመካከላቸው የጠላትን ደመወዝ እየበሉ ለወገን የሚሠሩ ነበሩ። ጎረቤት ባንዳ ብሎ ቢሰድባቸው አፍ ከፍቶ መመለስ የለም፤ መልሱ ራሱ አንገት ያስቆርጣል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከሞገስ አስግዶም ጋር በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወረው አብርሃ ደቦጭም የኢጣልያኖች መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከዚያች ቀን አስቀድሞ ሚስቱን ደብረ ሊባኖስ ወስዶ አስቀመጣት። ባል ነውና ሚስቱን ማትረፍ ፈለገ። ግራዚያኒ ግን ይህንኑ ገዳሙ በሴራው ለመተባበሩ ማስረጃ አደረገው፤ በግንቦት መነኮሳቱ ተጨፈጨፉ። አንድ ሰው ለሚስቱ ያደረገው ጥንቃቄ ለገዳም ጥፋት ሰበብ ሆነ ማለት ነው። የገደለው ፋሽስት መሆኑን ሳንዘነጋ፣ የፍቅርን ዋጋ ግን በዚህ እንለካው።

መዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» የተባለውን፣ ስለዚሁ ጦርነት የተጻፈ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ2019 አሳተመች። የገዛ ቅድመ አያቷ ዘምተው እንደነበር የሰማችው ግን መጽሐፉን ስትጽፍ ከርማ ነው፤ ያውም ከእናቷ። ቅድመ አያትየው የቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ፤ አባታቸው ጠመንጃውን ለባላቸው ሊሰጡት ቢሉ አባትን ከስሰው፣ ረትተው፣ ጠመንጃቸውን ይዘው ዘመቱ። አያችሁ? ደራሲዋ ስንት ዓመት የደከመችበት ታሪክ እቤቷ ተቀምጦ ኖሯል፤ የጠየቀ አልነበረም እንጂ።

ስለዚህ ልብ ወለድ ለመጻፍ የምታስቡ ጓደኞቻችን፣ ሽጉጥ የያዘችውን ቆንጆ ከመፍጠራችሁ በፊት ጠይቁ። ማይጨው ሲሆን ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ቢኖር ዕድሜው ከመቶ አልፏል፤ እሱን አታገኙትም። ከአፉ የሰሙ ልጆቹ ግን ገና አሉ። ማን ዘመተ ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ማን ገባ፣ ለምን ገባ፣ ማንስ ሸሸገው በሉ። ቤተሰብ የመጀመሪያውን በኩራት ይነግራችኋል። ለሁለተኛው ዝም ይላል። ልብ ወለዱ ያለው እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።